እስከ መጨረሻው የታየ ፊልም

አሮጊቷ ጎረቤት «ምነው በኔ ባረገው!» ብለው ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን ሲያነሱ የሟቹ ስልክ አጨበጨበ።

ጭብጨባው የወጣው ከሚስቱ ከልብስ ሰፊዋ ጉያ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ብድግ ብሎ የሚያጨበጭብ ዓይነት፣ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ወደሷ ዞረ። የአሮጊቷም እጅ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«አሁንም ያ ነገር ነው?» አሉ አማቷ ከተቀመጡበት ፍራሽ ቀና ብለው። «ኧረ የሰው ያለህ! ልጄን አፈር አልብሼ መጥቼ ጭብጨባ ልስማ?»

«ፊልም ገብቶ ነው፣ እማማ። አጠፋዋለሁ።»

አወጣችው፣ አየችው፣ ሳታጠፋው መልሳ ከተተችው። እሱ ይነካቸው የነበሩ ነገሮች ሁሉ ዝም ብለዋል፤ ድምፅ የቀረው ይሄ ብቻ ነው። ማጥፋቱ ሁለተኛ መቅበር መሰላት።

ባሏ በጥርስ ሕክምና ቤት ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ሰው ነበር። ሊያለቅሱት ከመጡት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ዳቦ የሚያላምጡት በእሱ የእጅ ሥራ ነው። አሮጊቷ ጎረቤት እንኳ ትናንት «እሱ አፈር ገብቶ ጥርሱ እኔ አፍ ውስጥ ይቅር?» እያሉ ሲያለቅሱ፣ ጥጉ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ሳቃቸው አምልጧቸው በሳል ሸፋፍነውታል። ለሰፈሩ ግን መጠሪያው «ዳኛው» ነበር። ከሥራ መልስ በኢንተርኔት የአጫጭር ፊልሞች ውድድር ያካሂዳል። ውድድሩ ለጀማሪዎች ብቻ ነው፤ ፊልሙ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም፣ ላኪው የሚታወቀው በስሙ ሳይሆን በቁጥር ነው። ነርሷም፣ የአውቶቡስ ሾፌሩም፣ ጡረታ የወጣው አስተማሪም በስልካቸው እየቀረፁ ይልኩለታል። አንድ ፊልም በገባ ቁጥር ስልኩ እንዲያጨበጭብ ያደረገው ራሱ ነው። «ደፍሮ ለላከ ሰው ቢያንስ አንዴ ይጨብጨብለት» ይል ነበር።

አንድ ደንብ ግን ነበረው፣ ቀልድ የማያውቅ። የተላከ ፊልም ሁሉ እስከ መጨረሻው ይታያል፣ መልስም ይሰጠዋል። ፊልሙ የፈለገውን ያህል የማይረባ ቢሆን፣ እንቅልፉ የፈለገውን ያህል ቢመጣ፣ መሀል ላይ አይዘጋም። «ሰውዬው ለፍቶ ሦስት ደቂቃ ሰጠኝ። ሁለቱን አይቼ ብተወው አንዷን ሰረቅኩት ማለት ነው።»

እሷም ሳታስበው የዳኝነቱ ተካፋይ ሆና ነበር። የተማሪ ደንብ ልብስ ስትሰፋ አጠገቧ ይቀመጥና «ዓይንሽ ሥራ ላይ ነው፤ ጆሮሽን አውሺኝ» ይላታል። ስንቱን ፊልም እንዲህ ነው የምታውቀው፣ መልኩን ሳታይ በድምፁ ብቻ።

«ምን ሰማሽ?» ይላታል ሲያልቅ።

«ሴትየዋ የውሸቷን ነው የምታለቅሰው።»

«በምን አወቅሽ?»

«ትንፋሿ አልተቆረጠማ። የእውነት የሚያለቅስ ሰው ትንፋሹ ይቆረጣል።»

ያኔ ከት ብሎ ይስቅና «አንቺ እያለሽ እኔን ማን ዳኛ አደረገኝ!» ይላል። ድንገት ነው የሄደው። የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኙት፤ ልቡ ቆሞ፣ የጥርስ ጀሶ ጣቶቹ ላይ ደርቆ። ከጥፍሮቹ ሥር ያለውን ጀሶ ለማስለቀቅ ብዙ ብትታገልም እንዳለ ተቀበረ።

ቡና ከፔርሙስ እየተቀዳ ሲዞር ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዝቅ ያደረጉት እንዲሰማ አድርገው ነው።

«ልጅቷስ?»

«እዚያው ክፍሏ ውስጥ ናት። አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም እኮ!»

«ቀብር ላይም አይቻታለሁ። ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች፣ እንደ እንግዳ ሰው።»

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም አሉ። እኛ እዚህ ጉሮሯችን እስኪነቃ…»

«ተዉኝ እባካችሁ!» አሉ አማቷ። «ልጄ ለዚች ነው ሲነሳ ሲወድቅ የኖረው? አስሟ ሲነሳ አፏ ላይ ጆሮውን ደግኖ ያነጋ የነበረው? ዛሬ ላባቷ እንባ ትሰስት!»

ልብስ ሰፊዋ ባዶ ሲኒዎቹን ሰበሰበች። እውነቱን ለመናገር እሷም ከፍቷታል። ልጅቷ አንድያቸው ናት፤ ጉርምስናዋን ልትጨርስ ትንሽ የቀራት፣ ነገሯ ሁሉ ሆድ ይፍጀው የሆነ። ከቀብር ከተመለሱ ወዲህ እናትና ልጅ አንድ ላይ አላለቀሱም። ለእናቲቱ ይሄ ከሞቱ ቀጥሎ ያለ ሞት ነበር። ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ከተለያዩ ምን ቀረ?

ልጅቷም ፊልም ትቀርፅ ነበር። ውድድሩ በተከፈተ ቁጥር አባቷ ደጃፍ ላይ ትቆማለች።

«ዘንድሮስ ልላክ?»

«የዳኛ ልጅ አትወዳደርም፣ ሚጣዬ። ሰው ምን ይለኛል?»

«እሺ አትሸልመኝ። እየው ብቻ።»

«ነገ። ይቺን ልጨርስና፣ ነገ እስከ መጨረሻው አየዋለሁ።»

ነገ ሌላ ነገ እየወለደ የማያውቃቸውን ሰዎች ፊልም ሁሉ አየ። የእሷን ሳያይ ሄደ።

ከቀትር በኋላ ባለካሜራው መጣ። ሠርግ እየቀረፀ የሚተዳደር፣ ካሜራ ሲሸከም ኖሮ አንድ ትከሻው የዘመመ፣ የባሏ ወዳጅና የውድድሩ ሁለተኛ ዳኛ ነው። እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ተቀመጠ፤ ቡናውን ይዞ ሳይጠጣው ቀረ። በመጨረሻ ወደ ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ አለ።

«እህቴ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ዛሬ የገባ አንድ ፊልም አለ። ከሌላ ሰው ከምትሰሚ ከኔ እዪው።»

ወደ መስፊያ ክፍሏ ይዛው ገባች። ኮምፒውተሩን ስፌት መኪናው አጠገብ፣ በጅምር ኮሌታዎች መሀል አስቀመጠውና ከፈተው።

ፊልሙ የባሏ ቀብር ነበር።

ፊት አያሳይም። ጫማ ያሳያል፤ አቧራ የለበሰ፣ የተወለወለ፣ ተረከዙ የተንሻፈፈ ብዙ ጫማ። የአማቷን እጅ ያሳያል፣ ባዶ አየር ሲጨብጥና ሲለቅ። አፈሩ በአካፋ ሲወርድ ያሳያል። ከዚያ ሌሎቹ በሚጮኹበት መሀል አንዲት ሴት እጇን ዘርግታ፣ ከፊቷ ከቆመ ሰውዬ ኮት ላይ የተመዘዘ ክር ስትይዝ፣ ጣቷ ላይ ስትጠመጥም፣ በጥሳ ስትጥል ያሳያል። ሥራው ላይ ያለ ሰው የሚያደርገውን ያህል በጥንቃቄ። ምስሉ እጇ ላይ ቆየ፣ ከዚያ ጨለመ።

ያቺ ሴት ራሷ ነበረች። እንዲህ ማድረጓን አታስታውስም። ፊቷ በእፍረት ነደደ።

«ባሌ ጉድጓድ ሲገባ ክር ለቀምኩ?»

«እጅሽ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም…»

«ማነው ይሄን የቀረፀ?»

«ያለኝ ቁጥር ብቻ ነው። ስሙ የሚከፈተው ውጤቱ ሲነገር ነው። ደንቡ…»

«ደንቡን ያወጣው ሰውዬ ሞቷል!» ድምፏ ሳሎን ድረስ ተሰማ፤ የለቀስተኛው ሹክሹክታ ቀጥ አለ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! አፈሩ ሳይደርቅ በኛ ሬሳ ሊሸለም? ይሄኔ እዚያ ተቀምጦ ቡናዬን እየጠጣ ይሆናል!»

ባለካሜራው አንገቱን ደፋ። «እውነቱን ልንገርሽ? ሰውዬው ጎበዝ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንደኛ የሚወጣው እሱ ነው። ዳኛው ራሱ ቢያየው ያለቅስ ነበር። ግን አንቺ ካልሽ አጠፋዋለሁ፤ ማንም ሳያየው ይቀራል።»

«አጥፋው።»

እጁን ሰደደ። እሷ ግን በልማድ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ነበርና ከምስሉ ሥር የሚጓዘው የፊልሙ መስመር ጫፉ ላይ እንዳልደረሰ አየች።

«አላለቀም እኮ።»

«አልቋል። ከዚህ በኋላ ጨለማ ብቻ ነው። ስልኩን ሳያጠፋ ኪሱ ከቶት ይሆናል፤ ጀማሪዎች እንዲህ ያደርጋሉ። እኔም እዚህ ጋ ነው የዘጋሁት።»

«ዘጋኸው?»

አነጋገሯ ሰውዬውን አስደነገጠው። ፊልሙን ብትጠላውም፣ ላኪውን ብትረግመውም፣ በዚህ ቤት ፊልም መሀል ላይ ተዘግቶ አያውቅም። «ልቀቀው» አለች። ከጅምር ኮሌታዎቹ አንዱን አንስታ መርፌው ሥር አስገባችና ዓይኗን ጨፈነች። ጆሮዋን አዋሰች።

መጀመሪያ የጨርቅ መንኮሻኮሽ። ከሩቅ የሴቶቹ ለቅሶ። ቀጥሎ ቅርብ፣ በጣም ቅርብ፣ ከደረት የሚወጣ ቀጭን ፉጨት። ትንፋሹ ገባ፣ ታፈነ፣ ተቆረጠ። እንደገና ገባ፣ ተቆረጠ። የአስም መድኃኒት የሚነፋበት ትንሽ ዕቃ ሲናጥ ተሰማ፤ ፊስ አለ፤ ፉጨቱ ለአፍታ ጋብ አለ። ከዚያ ያ ትንፋሽ ጨርቅ ውስጥ ተቀብሮ፣ ማንም እንዳይሰማው ተጨንቆ፣ አለቀሰ። ቃል የለበትም። እስከ ፊልሙ ጫፍ ድረስ ማልቀስ ብቻ ነው።

ያንን ፉጨት ከልጅቷ ልደት ጀምሮ ታውቀዋለች። በግድግዳ ውስጥ፣ በእንቅልፍ ውስጥ ታውቀዋለች። ከሰዓታት በፊት ጉያዋ ውስጥ ያጨበጨበው ፊልም ከሌላ ከየትም አልመጣም፤ ከግድግዳው ወዲያ ነው የተላከው።

ኮሌታው ከእጇ ወደቀ። እንባዋ የቀብሩን ዕለት ከወረደው በላይ ወረደ።

«ምን ሆንሽ?» አለ ባለካሜራው ተነስቶ።

«ከውድድሩ አውጣው።»

«እሺ፣ አጠፋዋለሁ አልኩሽ እኮ…»

«እንዳታጠፋው! አውጣው ነው ያልኩህ። የዳኛ ልጅ አትወዳደርም።»

ሰውዬው ነገሩ ቀስ ብሎ ገባው። ወንበሩ ላይ መልሶ ተቀመጠና በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። «እኔኮ መሀል ላይ ዘጋሁባት» አለ። «መልስስ? ለሁሉም መልስ ይሰጣል።»

«መልሱን እኔ እሰጣለሁ።»

ሳሎኑን አቋርጣ ስታልፍ አማቷ «ወዴት ነው? ሰው እየመጣ!» አሉ። አልቆመችም። በሩን ሳታንኳኳ ገብታ ከኋላዋ ዘጋችው።

ልጅቷ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። የእናቷን ጩኸት ሰምታለች፤ ከትከሻዋ ያስታውቃል።

«ላጠፋው ነው» አለች ሳትዞር። «ስለ ክሩ ልትቆጪኝ ነው የመጣሽው።»

እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ክሩን ለምን ቀረፅሽው?»

«ሁሉም ይጮኻል። እኔ ግን ሰው ፊት ለቅሶው አልወጣ አለኝ። ድንጋይ ነኝ እንዴ ብዬ ፈራሁ። ዞር ስል አንቺም አትጮኺም፣ ክር ትለቅሚያለሽ። ያኔ ብቻዬን አይደለሁም አልኩ።»

እናቷ የልጅቷን እግር በብርድ ልብሱ ሸፈነች። ቆይታ «ለምን ላክሽው ታዲያ?» አለች።

«የተላከ ፊልም ሁሉ እስከ መጨረሻው ይታያል አይደል?» ዞረች። ዓይኗ ደረቅ ነው፤ ደረቷ ግን ማፏጨት ጀምሯል። «እኔ ደጃፍ ቆሜ ስለምነው ነገ ይለኛል። የሚልኩለትን ግን ሁሉንም ያያል። እኔም እንደነሱ ልላክ ብዬ ነው። አሁን እሱ እንደማያየው አውቃለሁ፣ እማዬ። አውቃለሁ።»

ከሳሎን የአዲስ ለቀስተኛ ጩኸት ተነሳ። እናቷ ከትራሱ ሥር የመድኃኒቱን ዕቃ አወጣች፣ ናጠችውና ሰጠቻት። ልጅቷ እስክትስብ ጠበቀች።

«በይ ክፈቺው» አለቻት። «ፈቀቅ በይልኝ።»

ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በትንሿ ስልክ አብረው አዩት፤ ጫማዎቹን፣ የአያትየዋን እጅ፣ አፈሩን፣ ክሩን። ምስሉ ጨለመ። ከጨለማው ውስጥ ያ ቀጭን ፉጨት ሲጀምር ልጅቷ በእፍረት ጣቷን ለማጥፋት ሰደደች።

እናቷ ጣቷን ያዘችው።

«ገና አላለቀም» አለቻትና ዓይኗን ጨፈነች።