ሥዕሉ የማያሳየው ሰው

ከገብርኤል ማግስት፣ ረፋድ ላይ፣ ደብረ ታቦር በሚገኝ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የነርቭ ሐኪሙ ዶክተር ዳዊት፣ ግራ እጇ እየዛለ ዕቃ የሚያስጥላት ውብአለም፣ እና ባሏ አስናቀ። አስናቀ ከጉና ተራራ ድንች እያወረደ ከተማ ውስጥ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ውብአለምን ያገባት ከኩዌት በተመለሰች በዓመቷ ነበር።

አስናቀ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ እንጂ ልቡ ባሕር ዳር ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት ውብአለም የኤምአርአይ ምርመራ ያደረገችው እዚያ ነው። መሣሪያው ማግኔት ስለሆነ ብረት ነክ ነገር ሁሉ ይውለቅ ተባለ። እሷም የጋብቻ ቀለበቷን አወለቀችና ለባሏ ሳይሆን ለባለሙያው፣ ለዚያ ጠጉሩን ላበጠረ ጎረምሳ ሰጠችው። አስናቀ ይህን ሁሉ በመስተዋቱ አሻግሮ አየ። ጎረምሳው ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሲያደርግላት አንድ ነገር አላት፤ እሷ ደግሞ ፈገግ አለች። ያቺ ፈገግታ እንደ እሾህ ሆዱ ውስጥ ተሰካች። ሲመለሱ መንገድ ላይ ካለችው ከሐሙሲት ከተማ እስኪደርሱ ድረስ ወተወታት።

«ምን ነበር ያለሽ?»

«አትንቀሳቀሺ ነው ያለኝ።»

«አትንቀሳቀሺ ያስቃል?»

አሁን ዶክተሩ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰካው።

«ቀደም ሲል ሲቲ ስካኑ በጨረር አይቶ እብጠት መኖሩን ነገረን። ኤምአርአዩ ደግሞ ቦታውን ለይቶ አወጣልን። ይህቺ ነጯ ናት። በቀኝ በኩል አንጎሏን ተጭናዋለች።»

«የሚዝላት እኮ ግራ እጇ ነው» አለ አስናቀ፣ ሐኪሙን ስሕተት ላይ የያዘው መስሎት።

«ነርቮቹ ወደ ታች ሲወርዱ ይሻገራሉ፣ ወንድሜ። የቀኙ አንጎል ግራ እጅን ያዛል፣ የግራው ቀኙን። ትእዛዙ ከአንጎል ተነሥቶ በጀርባ አጥንት ውስጥ ባለው ሕብለ ሰረሰር ይወርዳል፤ ከዚያ በነርቮቹ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ይደርሳል። መነሻው ላይ ከተጫኑት እጁ ይዝላል። ክፉ ዓይነት እብጠት አይመስልም። ሰኞ ጎንደር ሄዳ ቀዶ ጥገና ብታደርግ እጇ ይመለሳል። ከዘገየች ግን እግሯንም ይይዛታል።»

የአስናቀ ዓይን ነጯ ላይ ተተክሎ ቀረ። ሥዕሉ የተነሣው ያ ጎረምሳ ፈገግ ካሰኛት በኋላ ነው።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰው በዚያች ሰዓት የሚያስበው ነገር ሥዕሉ ላይ ይወጣል?»

«እዚህኛው ላይ አይወጣም። ሌላ ዓይነት አነሣሥ አለ፤ ሰው ሲያስብ ወይም ጣቱን ሲያንቀሳቅስ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሠራ በደም ፍሰቱ ያሳያል።»

«እህ! ማንን እንደምታስብስ?»

ዶክተሩን ሳቁ አመለጠው። «ሰፈሩን እንጂ ሰውየውን አያሳይም።»

«እንግዲያው ሰውየውን ሳላውቅ ጎንደር የምልካት ሚስት የለችኝም!»

ውብአለም በደኅናው እጇ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች።

«ማሽን ምን ያደርግልሃል፣ አስናቀ? አፍ አለኝ። ጠይቀኝ።»

«እዚያ ውስጥ ተኝተሽ ማንን አሰብሽ?»

«ፈሃድን።»

የአስናቀ ዓይን ደም መሰለ። ዶክተሩ የሌለ አቧራ ከጠረጴዛው ላይ መጥረግ ጀመረ።

«ኩዌት ያሳደግሁት የአሠሪዎቼ ልጅ ነው» አለች። «ማሽኑ ሲንኳኳ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። እሱም ርችት ሲተኮስ እየፈራ ይጠጋኝ ነበር፤ ጆሮውን እይዝለት ነበር። ማማ ነበር የሚለኝ።»

«ከኔ በፊት እሱን አሰብሽ?»

«ካንተ በፊት። አንተማ መስተዋቱ ላይ ተለጥፈህ ትጠብቀኝ ነበር፤ ምን ብዬ ላስብህ?»

ጎልማሳ ቢሆን አስናቀ ኮሌታውን ይይዘው ነበር፤ ሕፃንን ምን ያደርጉታል? ደግሞ መፍራቷን ገና ዛሬ መስማቱ ነው። ቢሆንም ቅናቱ ቶሎ አልለቀቀውም።

«መልከ መልካም ነው?» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስለየው የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ነበር።»

«እስካሁንማ አብቅሏል» አለ አስናቀ፣ እንደ ከፋው።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱም በሚኒባስ ጎንደር ሄዱ። አስናቀ ለእሷ ደም ሰጠ። ቀዶ ጥገናው በማግስቱ ተሠራላት።