ወንድሜ ከፀሐይ የጋረደው

ለታናሽ ወንድሜ አንድ ኩላሊቴን ሰጥቼዋለሁ፤ ባርኔጣ ግን ላስደርገው አልቻልኩም።

ሥራው ጣሪያ መምታት ነው። ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ ይውላል፤ ፀሐዩ ከላይ ይመታዋል፣ ከቆርቆሮው ተመልሶ ደግሞ ከታች ይጠብሰዋል። ኩላሊቱ ከተተከለለት ስድስት ዓመት ሆነው። ሐኪሟ በየቀጠሮው ያንኑ ትነግረዋለች፦ ሰውነትህ ኩላሊቱን እንዳይገፋው የምትውጠው መድኃኒት በሽታ የመከላከል አቅምህን ያዳክማል፤ የቆዳ ካንሰር እንዳንተ ያለውን ሰው ቶሎ ያገኘዋልና ከፀሐይ ተጠንቀቅ። እሱ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «እሺ ዶክተር» ይላል። እሺ ማለት ምን ይከብደዋል! ቅባት ገዛሁለት፤ ሳይከፈት ደረቀ። ባርኔጣ ገዛሁለት፤ የት እንዳደረሰው እንጃ።

ባለፈው ወር ቤቴ ሲመጣ የግራ ጆሮው ጫፍ ላይ ፕላስተር ለጥፏል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሚስማር ጫረኝ።»

«መቼ?»

«እ... ትንሽ ቆየት ብሏል፤ ሦስት ወር ቢሆነው ነው።»

ፕላስተሩን ላጥኩት። ጠርዙ የደነደነ፣ ቅርፊት የያዘ ቁስል! ደሜ ፈላ። እዚያው ለሐኪሟ ደወልኩ፤ ነገ ጠዋት አምጪው አለችኝ። እሱም እሺ አለ። በማግስቱ ግን ያገኘሁት ጣሪያ ላይ ነው።

አንጋጥጬ አየሁት። ራሱ ባዶ፣ አንገቱ ባዶ። ሆዱ ላይ ግን በዚያ ሙቀት ወፍራም ጨርቅ ጠምጥሟል፤ ከጨርቁ በላይ ያ የገዛሁለት ባርኔጣ ተቀዶ በገመድ ታስሯል።

«ውረድ! ምን የሚሉት ነገር ነው ይሄ?»

ወርዶ ኩላሊቱ የተተከለበት ቦታ ላይ እጁን ጫነ። «ከፀሐይ ተጠንቀቅ ተብዬ የለ እንዴ፣ እታለም? አንድ ቀን አጋልጫት አላውቅም።»

«አንተ ጅል! ቆዳህን ነው የተባልከው፣ ቆዳህን!»

«ቆዳውማ የራሴ ነው። እሷ ግን ያንቺ ናት።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ለኩላሊቴ ጥላ ሲይዝላት ኖሯል! ባርኔጣውን ከሆዱ ላይ ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እጁን ይዤ እየጎተትኩ ወሰድኩት።

ሐኪሟ ከቁስሉ ቆንጥራ ለምርመራ ላከች። ውጤቱን ትናንት ሰማን፦ ካንሰር ነው። ጆሮው ይቆረጣል፤ መዛመት አለመዛመቱ ገና ይታያል። እሱ እጁን ሆዱ ላይ አደረገ።

«ዶክተር፣ ኩላሊቷን አልነካትም አይደል?»

የተቀደደውን ባርኔጣ ከቦርሳዬ አውጥቼ ራሱ ላይ ደፋሁበት፤ ፀሐይ በማይገባበት ክፍል ውስጥ፣ እየተሳደብኩ፣ እያለቀስኩ።