የሱሀይል አባት የሚሠሩበት ቤተ መንግሥት

ልጄን ሀዲያን ሊያገባ ሽማግሌ የላከው ሱሀይል ጨዋ ነው ይባላል። ይባላል ነው የምለው፤ እኔ በሰው ወሬ ልጅ አልድርም። እሁድ ጠዋት ሽማግሌው ጋሼ ሙዳሲር ልጁን ራሱን አስከትለው አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ያለው ሱቄ መጡ። ልጁ ራሱ መምጣቱም አላማረኝም።

«አባትህ ፈረንሳይ ምንድን ነው የሚሠሩት?» አልኩት።

«ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ጋሼ። ፎንቴንብሎ የሚባል።»

አባቴን «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ከደሴ የወሰዱት ሰዎች ቤተ መንግሥት ነው ያስገቡት። አልወጣም።

«ንጉሥ የለም እኮ» አለ ሱሀይል። «ሙዚየም ሆኗል፤ ማንም ቲኬት ገዝቶ ይገባል። ሰመር ላይ ደግሞ አሜሪካኖች ሙዚቃ ይማሩበታል። አባቴ ጥበቃ ነው።»

«ንጉሥ ከሌለ ማንን ነው የሚጠብቁት?»

«ሶ... አልጋውን። ዙፋኑንም።»

ባዶ አልጋ የሚጠበቅበት አገር! ሲዋሽ እንኳ አያፍርም አልኩ በሆዴ። ሀዲያ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እምቢ ካልኩ ትታው እንደምትቀር ሁለታችንም እናውቃለን።

«ደውልላቸው» አልኩ። «አሁኑኑ፣ ሳትመካከሩ።»

«ኦኬ ጋሼ፣ ቪዲዮ ኮል ላድርግለት።»

ሰማያዊ ኮት የለበሱ ሸበቶ ሰው ብቅ አሉ። ከበላያቸው ወርቅ የተቀባ ጣሪያ ይታያል። አብዱልባሲጥ እባላለሁ አሉኝ፤ የመዝጊያ ሰዓት ስለ ደረሰ ክፍሎቹን እየዞሩ ሊያዋሩኝ ፈቃድ ጠየቁ።

እኔም መስቀለኛ ጥያቄዬን ጀመርኩ። መቼ ከአገር ወጡ? ማን ላካቸው? ቤተ መንግሥት ያስገባቸው ማነው?

«ይቅርታ፣ ከጎብኚዎቹ አንድ ሰው ጎድሎብኛል» ብለው ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት። የጫማቸው ኮቴ ብቻ ይሰማል። በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ደግሞ ሌላ በር።

«አያችሁ? ጥያቄው ሲጠነክር ሸሹ» አልኩ። ሀዲያ ፊቷን አዞረች።

ብዙ ቆይተው ተመለሱ። የአንዲት አሮጊት ፈረንጅ ክንድ ይዘዋል።

«መስኮት ሥር እንቅልፍ ወስዷቸው ነው። ሰው ውስጥ ሳለ በር አልቆልፍም። ምን ነበር የጠየቁኝ?»

አባቴን እንዲህ ክፍል ለክፍል ዞሮ የፈለገው አልነበረም። የት ደረሰ ብለን የምንጠይቀው ሰው እንኳ አጥተን እናቴ ሞተች። ሽማግሌ ፊት አለቀስኩ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ» አልኳቸው አብዱልባሲጥን። «ቤትዎ ገብታ ብትጠፋብኝ ግን እርስዎን ነው የምጠይቀው።»

«እኔን ይጠይቁ» አሉ፣ አሮጊቷን ወደ መውጫው እየደገፉ።