ሁለተኛው መርፌ

ፕሮፌሰር ኩዋኩ አሞአቴንግ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለማስት ሴል ነው። ማስት ሴል ቆዳችን ስር የምትኖር ነገረኛ ሕዋስ ናት። ምንም ያላደረጋትን እንግዳ ጠላት ነው ብላ ሂስታሚን የሚባለውን መርዟን ትረጫለች፤ ያኔ ሰው ያሳክከዋል፣ ያብጣል፣ ባስ ሲልም ጉሮሮው ይዘጋል። የጋናዋ ከተማ የኩማሲ ሐሜተኞች የሕዋሷና የፕሮፌሰሩ ጠባይ አንድ ነው ይላሉ። ሐሜት ሁሉ ውሸት አይደለም።

ኤሲ ክዋንሳ ትመስክር። ተማሪያቸው ሳለች የአለርጂ ምርመራ ሠርታ ነበር። ደንቡ እንዲህ ነው፦ በአንዱ መርፌ የተጠረጠረው ምግብ፣ በሁለተኛው ደግሞ ራሱ ሂስታሚን ክንድ ላይ ይጫራል። ሂስታሚን የማንንም ቆዳ ጉብ ማድረግ አለበት። ካላደረገ ሰውየው የአለርጂ ክኒን ውጧል፤ የመጀመሪያው መርፌ ዝም ማለቱም ዋጋ የለውም። የኤሲ ሁለተኛ መርፌ ዝም አለባት። ፕሮፌሰሩ ጽሑፏን በሁለት ጣት አንሥተው፣ «ሁለተኛው መርፌ ካልመሰከረ ምርመራው ከንቱ ነው። ዓመቱን ድገሚ» አሏት። ደገመች። አሁን ዶክተር ሆና እዚያው ቤተ ሙከራ ትሠራለች፤ ነገሩን ግን አልረሳችውም።

ፕሮፌሰሩ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሸርጣን አይስማማቸውም። ለዓመታት አይጥ ላይ ሲሞክሩ የኖሩትን መድኃኒት በመጨረሻ ራሳቸው ወሰዱና ማስት ሴሎቼ አደብ ገዙ ብለው አመኑ። ከልባቸው ነው ያመኑት፤ ይህን አንካዳቸው።

የፕሮፌሰርነት ማዕረጉን ያገኙት በቅርቡ ነው፤ አዲስ ፕሮፌሰር ካባ ለብሶ ለከተማው ንግግር የሚያደርግበት ቀን ደረሰ። ዘመድ ኬንቴ በሚባለው ባለ ብዙ ቀለም የክብር ልብስ አጊጦ፣ ከበሮ ይዞ አዳራሹን ሞላው። ፊት ወንበር ላይ አክስታቸው አፍሪዬ በጨርቅ የተጠቀለለ ድስት ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው መድኃኒቱን በገንዘብ ለመደገፍ የመጡ ትልልቅ እንግዶች አሉ።

ፕሮፌሰሩ «ድኛለሁ፣ እዩት» ብለው እጅጌያቸውን ሰብስበው ኤሲን ጠሩ። በአንዱ መርፌ ሸርጣን፣ በሌላው ሂስታሚን ጫረችላቸው። ክንዳቸው በትልቁ ስክሪን እየታየ ንግግራቸውን ቀጠሉ። ቆይተው ሲያዩት የሸርጣኑ ቦታ ምንም አላበጠም። አዳራሹ አጨበጨበ፣ ከበሮው ተመታ። የሂስታሚኑም ቦታ አላበጠም። ዘመዶቻቸው ይኼማ የበለጠ ድል ነው ብለው በእጥፍ ጮኹ። ደንቡን የሚያውቁት የኋላ ወንበር ተማሪዎች ግን ማጨብጨባቸውን አቆሙ።

ያን ጊዜ ለፕሮፌሰሩ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ጠዋት እንደ ልማዳቸው የአለርጂ ክኒን ውጠዋል። ከአይጥ ጋር የኖረ ተመራማሪ ብዙ ጊዜ አይጡ ራሱ ያስነጥሰዋል። እሳቸው ደግሞ የአለርጂው ሊቅ በአይጥ አስነጠሰ እንዳይባሉ፣ ጉንፋን ነው እያሉ ክኒኗን በድብቅ ሲውጡ ኖረዋል። ኤሲን ሰርቀው አዩዋት፤ እሷ ክንዳቸውን ታያለች።

«ይገርማል» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ቆዳዬ ሂስታሚንን እንኳ ንቆታል።»

ተጨበጨበላቸው። አክስታቸው ባይነሱ ኖሮ አልፎላቸው ነበር።

«ኩዋኩ ልጄ» አሉ አፍሪዬ ድስቱን እየፈቱ፣ «እናትህ ይህን ቀን ሳታይ ሄደች። የዘንባባ ፍሬ ሾርባ ነው፣ ሸርጣኑ ከነእግሩ አለበት። ና ብላ፣ ሰው ይይህ።»

«አክስቴ፣ ከንግግሩ በኋላ ይሁን።»

«ድኛለሁ አላልክም እንዴ? ወይስ ካባ ሲለበስ የእኔ ሾርባ ይናቃል?»

አዳራሹ ሳቀ። እንግዶቹ ስልካቸውን ደገኑ።

ማንኪያው እጃቸው ገባ። ክኒኗ ቆዳን ዝም ብታሰኝም ጉሮሮ ከመዘጋት አታድንም፤ ይህን ለተማሪ ሁሉ ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው። ኤሲ ከቦርሳዋ ጉሮሮ ሲዘጋ የሚወጋውን የአድሬናሊን መርፌ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስም ይበልጣል ወይስ ትንፋሽ? የሚያሳፍረው፣ ሰውየው የምር አመነቱ። ማንኪያው ከንፈራቸው ደረሰ። ሾርባው ካባቸው ላይ ጠብ አለ። ማንኪያውን ወደ ድስቱ መለሱት።

«ጠዋት ክኒን ውጫለሁ» አሉ፣ የመጨረሻው ወንበር በማይሰማው ድምፅ። «አይጥ ያስነጥሰኛል። መዳኔን አላውቅም።»

ከበሮው ቆመ። አክስት አፍሪዬ ድስታቸውን ከደኑ።

«እንግዲህ በሸርጣኑ ላይ አይጥ ጨመርክበት» አሉ። «ይህ ነው ትምህርቱ?»

ፕሮፌሰሩ ወደ ኤሲ ጎንበስ ብለው፣ «ምን ይሻለኛል?» አሏት።

ኤሲ ክንዳቸውን በጥጥ ጠርጋ እጅጌያቸውን አወረደችላቸው።

«ሁለተኛው መርፌ አልመሰከረም፣ ፕሮፌሰር። ዓመቱን ይድገሙ።»