ያለ ቁልፍ ያለ ባትሪ

ሌሊቱን ሲዘንብበት ባደረው ግቢ ውስጥ አንድ ደረቅ ቦታ ብቻ ነበር፤ የመኪና ቁመትና ወርድ ያለው፣ መሀሉ በዘይት ጠብታ የጠቆረ አራት ማዕዘን። ዮፍታሔ ቀጨኔ መድኃኔዓለምን ተሳልሞ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ ከበሩ ሲደርስ መጀመሪያ ያየው ይህንን ደረቅ መሬት ነው። እጁን ኪሱ ከተተ። የላንድሮቨሯ ቁልፍ እዚያው ነው። ወደ ክፍሉ ሮጦ አልጋው ሥር ጎንበስ አለ። ባትሪውም እዚያው ነው፤ በማዳበሪያ ከረጢት እንደተጠቀለለ ግድግዳውን ተደግፏል። ቁልፉ አለ፣ ባትሪው አለ፤ መኪናዋና አባቱ የሉም።

ያቺ ላንድሮቨር እንዲያው መኪና ብቻ አልነበረችም። ስትነሳ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ጭሷ ሱሉልታ ሲደርስ ደመና ሆኖ ይዘንባል። አባቱ ጋሽ መሸሻ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጎጃም መንገድ ሲነዷት ሙሽራ ጭነውባታል፣ አስከሬን ጭነውባታል፣ የምጥ ሴት ጭነውባታል፤ እንዲያውም በአንድ ጉዞ ሦስት ሴቶች ወልደውባት፣ ስድስት ሰው ይዛ ተነስታ ዘጠኝ ሆና ገብታለች። የአባይን በረሃ ፍሬን በጥሳባቸው እስከ ታች ድረስ በማርሽ ብቻ አውርደዋታል፤ ከተሳፋሪው መሀል የነቃ እንኳ አልነበረም። ይህን ሁሉ ሰፈሩ የሚያውቀው ከዮፍታሔ አፍ ነው።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ጋሽ መሸሻ መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ የቤታቸውን በር፣ ቀጥሎ ዘመኑን ራሱን መርሳት ጀመሩ። ሆስፒታል ያየቻቸው ሐኪም ነገሩን ሳታሽሞነሙን ነገረችው፤ «መንዳት በቃ። ደግሞም ለጎረቤት ንገር፤ አንድ ሰው ብቻውን አይጠብቃቸውም።» ዮፍታሔ የመጀመሪያውን ፈጸመ። ሁለተኛውን ግን አፉ እምቢ አለው። አዲሱ ገበያ ያለችው ጎሚስታው ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚነፋው ጎማ ብቻ አልነበረም። አባቱ አንድ ቀን በነጠላ ጫማ ወጥተው ቀጨኔ ውስጥ ግራ ተጋብተው ሲገኙ «ስፖርት ጀምሯል እኮ!» አለ። «ዶክተሮቹ ልቡን በመሣሪያ አይተው፣ ይሄ የጎረምሳ ልብ ነው፣ ከየት አመጣው ብለው ተጣሉ!» ሰፈሩ ሳቀ፤ ተደነቀ፤ ለጋሽ መሸሻ ጤና ምስጋና አቀረበ።

ሚስቱ ሐመልማል ትታው ከሄደች ወዲህ በቤቱ ያሉት ሁለት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ አንዱ የሚረሳ፣ አንዱ የሚያጋንን። አንዳንድ ቀን እራት ላይ ጋሽ መሸሻ ጉርሻቸውን ገታ አድርገው «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። «ያንተው ነኛ አባዬ» ይላል። «እሺ» ይላሉ፣ በእንግድነት ትሕትና። ዮፍታሔ ለሰው የማይተርከው ነገር ቢኖር ይህች ጥያቄ ብቻ ነበረች። ስትውል ስታድር ግን ከተረከው ሁሉ በላይ ቤቱን ሞላችው።

ከግቢው ሲወጣ ጎረቤቱ ሙንዲር ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጭቃ የነካ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ፊቱ እንደ ዒድ ቀን በርቷል።

«ዮፍቴ! አመለጠህ!»

«ምኑ?»

«አባትህ ናቸዋ! መኪና አስነሱልኝ ብለው ጠሩን። ኧረ ጋሽ መሸሻ ባትሪ የላትም ብንላቸው፣ ናፍጣ ቁልቁለት ካገኘች ባትሪ ምን ያደርግላታል ብለው ሳቁብን። ሱቁን ትቼ፣ ጎረቤታችን ቡርቱካን እንኳ እቃ ማጠቧን ትታ ገፋናት። እዚያ ማጠፊያው ጋ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ክላቹን ሲለቁት... ወላሂ፣ መሬቱ ነው የተነሳው!»

ዮፍታሔ ቁልፉን ሲደብቅ፣ ባትሪውን ሲደብቅ፣ ቁልቁለቱን ረስቶት ነበር። ቢያስታውስስ የት አልጋ ሥር ይከተዋል? ጉለሌ ውስጥ ሜዳ የሚባል ነገር የሚገኘው ቢበዛ ጠረጴዛ ላይ ነው። ደግሞም ሽማግሌ ከመኪና ውስጥ «ግፉልኝ» ሲል እምቢ የሚል ሰው በዚያ ሰፈር ገና አልተወለደም። መተላለፊያው ውስጥ መኪና ሲገፋ ያየ ሰው ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም፤ ትከሻውን ይሰጣል።

«ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» አለ ሙንዲር።

አሁን አንዲት ቃል ቢተነፍስ ይህ ሰው ሱቁን ዘግቶ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ሰፈሩን አስከትሎ እንደሚወጣ ዮፍታሔ ያውቃል። ቃሏ ጉሮሮው ድረስ መጣች። እዚያ ግን ፈገግታ ቀደማት።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አለ። «እንጦጦ ወጥቶ አየር ይቀበል ብዬ። እሱ እኮ ዓይኑን ጨፍኖ ይደርሳል።»

«አላህ ከብረት ነው የሠራቸው!» አለ ሙንዲር።

ዮፍታሔ ቁልቁለቱን ብቻውን ወረደ። ማጠፊያውን አልፎ የሙንዲር ዓይን እንደማያየው ሲያውቅ መሮጥ ጀመረ። የሚያገኘው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁሉም «ዛሬ ደግሞ ምን አዲስ ነገር አለ?» በሚል ዓይን ያየዋል። ያ ሁሉ ሕዝብ ዘመዱ ሆኖ ሳለ፣ «አባቴ ጠፋብኝ» የሚለው አንድ ሰው አጣ።

አዲሱ ገበያ እንደ ልማዱ ዓለምን ሁሉ በአንድ ታክሲ ሊጭን ይጮኻል። ተራ አስከባሪው ሸፊ ከሚኒባሶቹ መሀል ወጥቶ ገና ሳይጠየቅ እጁን ወደ ምዕራብ ዘረጋ።

«አባትህን ነው? ወደ ሸጎሌ! ምን አብልተሃቸው ነው ዛሬ?»

«አዲስ ፍሬን ሸማ አስገብቼላት...» ዮፍታሔ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ «...እየሞከራት ነው።»

«ታዲያ ሲሞክሩ በግራ በኩል ነው እንዴ? መንገዱን ተገላቢጦሽ ይዘው ነው የገቡት። ሰው ሁሉ ዳር ወጣላቸው፤ እኔ የባለሥልጣን አጀብ መስሎኝ! አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ግን...» ሸፊ ሳቁን አቆመ። «ለጥቂት ነው፣ ወንድሜ። ነጠላዋን ነው መስተዋቱ የያዘው። ልጁ ጀርባዋ ላይ ነበር።»

ዮፍታሔ ለዚህ የሚሆን ታሪክ ፈለገ። አላገኘም። የሸጎሌ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ፤ መንገዱን ሙሉ ቦዩን፣ የተሰበሰበ ሰውን፣ አስፋልት ላይ የተበተነ መስተዋትን ሲፈልግ ሄደ። ያቺ ነጠላ ከዓይኑ አልጠፋችም። መስተዋቱ ትንሽ ጠጋ ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ያንን ምን ብሎ ይተርከው ነበር? ስንቱን ሰው ያስቅበት ነበር?

ሸጎሌ የከብት ገበያው ደርቷል። ላንድሮቨሯ ከበግ ተራው ዳር ሞተሯ እየተንቀጠቀጠ ቆማለች። የግራ መብራቷ ረግፏል፤ የማንን አጥር እንደነካች እግዜር ይወቀው። ከፊቷ በጎች ይተራመሳሉ፤ ከበጎቹ መሀል ገዢና ሻጭ፣ ሽማግሌና ሕፃን ይሹለከለካል። ጋሽ መሸሻ በፒጃማቸው ላይ ኮት ደርበው፣ ክራቫት አስረው፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊት ያያሉ። እግራቸው ነዳጁ ላይ ነው።

«አባዬ» አለ ዮፍታሔ በመስኮቱ።

«ግባ፣ ግባ። አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ፤ ሞልቶልኛል።»

ዮፍታሔ ገብቶ ከጎናቸው ተቀመጠ። ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየ። ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ናቸው፤ አንደኛው ላይ ብቻ የአባቱ ባርኔጣ ተቀምጣለች።

«ወዴት ነው ጉዞው?»

«ጎሃ ጽዮን። ዛሬ መንገዱ ጥሩ ነው ይላሉ።»

ከጎሃ ጽዮን ወዲያ ገደል ነው። ዮፍታሔ መሪውን ሊይዝ እጁ ተነሳ፤ ወዲያው መለሰው። ቢደነግጡና ነዳጁን ቢረግጡት ከፊታቸው ያለው በግ ብቻ አይደለም። ለምኖ እንደማያወርዳቸው ያውቃል፤ ተቆጥቶም አያወርዳቸውም። እኚህ ሰው በሕይወታቸው አንገታቸውን የደፉት ለአንድ ሕግ ብቻ ነበር።

«ጋሼ» አለ፤ ድምፁን እንደ እንግዳ አደረገው። «ተራ አስከባሪው ልኮኝ ነው። ተራው የእርስዎ አይደለም። ቅያሪ ሹፌር ነኝ።»

ጋሽ መሸሻ መሪውን ለቀቅ አደረጉት። ተራ የእሳቸው ካልሆነ የእሳቸው አይደለም፤ በዚህ ንጉሥም ቢመጣ አይከራከሩም። ነገር ግን መኪና ለማንም አይሰጥም። ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«መንዳት ማን አስተማረህ?»

«ጋሽ መሸሻ የሚባሉ ሰው።»

«መሸሻ!» አሉና ሳቁ። «እሱ ራሱ ያን ያህል ሹፌር አልነበረም። ደህና ነበር፤ እንደ ማንኛውም ሰው። ልጁ ነው ሰማይ ያወጣው። አቤት ያ ልጅ ሲያወራ! ከሱ አፍ ስትሰማው እኔ ራሴ መሸሻን ልተዋወቀው ያምረኝ ነበር።»

«ልጁ አሁን የት ነው?»

ሳቃቸው ቀስ ብሎ ከፊታቸው ወረደ። በግ ነጂዎቹን አዩ፤ የሚያውቁት ሰው እንዳለ ፈለጉ።

«እንጃ» አሉ። «ወሬው ብቻ ነው የሚደርሰኝ። እሱን ካየሁት ቆየሁ።»

ከዚያም ያለ ክርክር፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው እያነሱ ቦታ ለቀቁለት። ዮፍታሔ በፊት ለፊት ዞሮ መሪው ጋ ገባ። ወንበሩ በአባቱ ሙቀት ሞቋል።

መንገዱን ሙሉ ዮፍታሔ የሚናገረውን ያዘጋጅ ነበር፤ የእንጦጦ አየር እንዴት እንደተስማማቸው፣ መብራቷን የሰበረችው ጅብ መሆኗን። ጅቧ መጀመሪያ አንድ ነበረች፤ አዲሱ ገበያ ሲደርሱ መንጋ ሆነች። ሽቅቡን ሲጀምሩ ግን ጅቦቹ አንድ በአንድ ሸሹት።

ሙንዲር የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ከሱቁ ወጥቶ ነበር። ቡርቱካንም እጇን በመቀነቷ እየጠረገች መጣች።

«ጋሽ መሸሻ! እንኳን በሰላም ተመለሱ!» ሙንዲር እጁን አጨበጨበ። «ነገም እኛው ነን የምንገፋልዎት!»

ጋሽ መሸሻ በመስኮቱ በኩል እንደ ሹም እጃቸውን አነሱ። ዮፍታሔ መኪናዋን ሱቁ በር ላይ አቁሞ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ሙንዲር ፊት ቆመ።

«አባቴ ታሟል» አለ።

«ጉንፋን ነው? ብርዱ እኮ...»

«አይደለም። ይረሳል። እኔንም አያውቀኝም። ዛሬ አዲሱ ገበያ ላይ ሰው ሊገድል ነበር።» ቡርቱካን አፏን በእጇ ያዘች። «ግፉልኝ ቢላችሁ እንዳትገፉለት። በእግሩም ሲወጣ ካያችሁ ያዙልኝ። ብቻዬን አልቻልኩም።»

ሙንዲር ፊቱ ላይ ፈገግታ አዘጋጅቶ ቀሪውን ጠበቀ፤ ዮፍታሔ ሲያወራ ሁልጊዜ ቀሪ አለዋ። አልመጣም። ፈገግታው ሳይሠራበት ጠፋ። ላንድሮቨሯ ሽቅቡ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ሸተት ስትል አየና ከሱቁ ጥግ አንድ ትልቅ ድንጋይ በደረቱ አቅፎ አመጣ። ተንበርክኮ ከኋላ ጎማዋ ሥር ሸጎጠው፤ በእግሩም ረገጥ ረገጥ አደረገው። ቡርቱካን ሌላ አምጥታ በሌላው ጎማ ሥር አስቀመጠች።

ጋሽ መሸሻ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ሥራውን ሲከታተሉ ቆዩ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «የፊተኛውም ጎማ ይደገም። ይቺ መኪና አትታመንም። አንተ ሹፌሩ፣ አግዛቸው እንጂ።»

«እሺ ጋሼ» አለ ዮፍታሔ።

ድንጋይ ፍለጋ ዞረ። ሰፈሩ ሁሉ ድንጋይ ነው፤ እሱ ግን ዓይኑን እንባ ጋርዶት፣ መሬቱን በእጁ እየዳሰሰ አንዱንም አላየም።