ባለ መስኮት ቀሚስ

ቤተሰቡ ያወጣላት ስም «ቢሆንስ» ነው። ዝናብ ቢመጣስ፣ መንገድ ቢዘጋስ፣ ምድጃው ሳይጠፋ ቀርቶ ቢሆንስ ስትል ትውላለች። ሾፌሩ ባሏ «እኔ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጭኜ በአንድ ፍሬን እሄዳለሁ፤ እሷ ቤት ተቀምጣ ሰባት ፍሬን ትይዛለች» እያለ ይስቅባታል። እሷ አትቀየምም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነውና ተዘጋጅቶ መፍራት ምን ክፋት አለው?

ሳትፈራ የምትሠራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጨርቅ ሥዕል። አሮጌ አንሶላ ትቀድና ግማሹን በሽንኩርት ልጣጭ ቀቅላ ቢጫ፣ ግማሹን በሻይ ቅጠልና በዛገ ምስማር ዘፍዝፋ አመድማ ታደርገዋለች። ከዚያ ከቀለሙ ጨርቅ ዛፉን፣ ወፉን፣ ጣራውን ቆርጣ ታወጣና ሌላ ጨርቅ ላይ አስቀምጣ ጠርዙን ወደ ውስጥ እያጠፈች በመርፌ ትለቅመዋለች። ከሥሩ ባዘቶ ጥጥ፣ ከባዘቶው ሥር ገበር ታደርጋለች። ሦስቱን አንድ ላይ ስትሰፋቸው ሥዕሉ ጥጋብ እንዳለው ጉንጭ እብጥ እብጥ ይላል። ታዲያ ከሁለት ስንዝር የማይበልጡ አሥራ ዘጠኝ ሥዕሎች ስድስት ዓመት ሙሉ አልጋ ሥር ተኝተዋል። ሰው ቢስቅባትስ?

ዘንድሮ ልጇ አላስቀምጥ አለቻት። ሳታማክራት ሄዳ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ለሚያዘጋጀው የእጅ ሥራ ትርኢት አስመዘገበቻት። ሥራው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ካልተገኘ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።

«በቃ፣ ለተጠባባቂ ነው የሚሰጠው» አለች እናት። «በሕልሜ አይቼዋለሁ።»

«እማዬ፣ አንቺ በሕልምሽ ያየሽው አባዬ መላጣ ሲሆን ነው።»

«እና አልሆነም?»

መንገድ ቢዘጋስ ብላ በስምንት ሰዓት ከቤት አስወጣቻት። ቤተ መጻሕፍቱ የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፤ መቀበል የሚጀምሩት ደግሞ በአሥር ሰዓት። ቦርሳዋ ውስጥ ጃንጥላ፣ ሻማ፣ የቁስል ፕላስተር፣ መርፌና ክር፣ ፊሽካም ሳይቀር አለ። መቀስ ግን የለም። ሰው ቢወጋስ? ክር የምትቆርጠው በጥርሷ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። አጠገባቸው አንድ ሽማግሌ አናጺ፣ ከእንጨት የፈለፈሉትን ጉማሬ እንደ ሕፃን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ሥራ ሲጀምር እናት የመጣውን ሁሉ «ይቅደሙ፣ ይቅደሙ» እያለች አሳለፈች። በመሐሉ ለትርኢቱ ያመጣችውን ሥዕል ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታያለች። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ነው፤ የባሏ ሱሪ ነፋስ ገብቶበት ሆዱ ተነፍቷል፣ አንዲት ቢጫ ቀሚስ ደግሞ ከገመዱ አምልጣ ወደ ሰማይ ትበራለች።

«ይቺ ቀሚስ ላልታለች» አለች።

«አልላላችም፣ እማዬ። ተያት።»

«ግድግዳ ላይ ሆና ሰው ፊት ብትወድቅስ?»

መርፌዋን አወጣች። የምትበረውን ቀሚስ ዙሪያዋን አንዴ፣ ለእርግጠኝነት ሁለቴ፣ እስከ ገበሩ ድረስ ጥልቅ እያደረገች ሰፋቻት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅ። ገበሩን አመድማ የነከረች ዕለት ድስቱ ውስጥ ቀለም ተረፈ። ይደፋ? ቢሆንስ ምንም አትደፋም፤ የራሷን ቀሚስ ነከረችበት። ገበሩና ቀሚሷ የማይለዩ መንታ ሆኑ። ያን ቀሚስ ነበር የለበሰችው።

«ሃያ ሦስት ቁጥር!» ብላ ኃላፊዋ ተጣራች። መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ ቀጭን ሴት ናት። ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ሆኗል።

እናት ሥዕሉን በሁለት እጇ ይዛ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዞር ስትል ሥዕሉ ተከተላት። መልሳ አስቀመጠችው። መልሶ ተከተላት።

«እመቤት፣ ይልቀቁት እንጂ።»

«ለቅቄዋለሁ!» ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሣች። ሥዕሉ እንደ ሽርጥ ጭኗ ላይ ተንጠለጠለ።

ኃላፊዋ መነጽሯን አድርጋ ሥዕሉን በቀስታ ሳበችው። እናት አብራ መጣች።

ልጅቷ መጀመሪያ አፏን ያዘች፣ ቀጥላ ሆዷን፣ መጨረሻ አግዳሚውን። «እማዬ! ከራስሽ ጋር ሰፍተሽዋል!»

«አይዞሽ ልጄ» አሉ አናጺው። «እኔም አንዴ ወንበር ስሠራ የለበስኩትን ኮት አብሬ በምስማር መትቼዋለሁ። ደንበኛው ወንበሩን ሲወስድ እኔንም እስከ በር ወስዶኛል።»

እናት ስፌቱን ልትፈታ ተቀመጠች። ግን እንዴት ያለ ስፌት! እንደ ጉንዳን እግር የጠበቀ። በሦስት ደቂቃ ሦስት ነጥብ ፈታች። ተጠባባቂዋ፣ በሹራብ ክር የተሠራች ድመት የያዘች ወይዘሮ፣ ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች። ደግሞ ሌላ እርምጃ።

«ሰዓቱ ደርሷል» አለች ኃላፊዋ የወረቀት መቀሷን እያቀበለች። «ከሁለት አንዱ መቆረጡ ነው፤ ወይ ሥዕሉ ወይ ቀሚሱ።»

እናት የምትበረውን ቢጫ ቀሚስ አየች። አልጋው ሥር ያለው አቧራ ትዝ አላት።

«ቀሚሱን» አለች።

«እማዬ፣ እዚህ? ሰው ፊት?»

«ቁረጪ ነው የምልሽ!»

ልጅቷ ተንበረከከችና ሥዕሉን ገልጣ በመቀሱ ከሥሩ ገባች። የመቀሱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። አናጺው ፊታቸውን አዞሩ፤ የጉማሬውንም ዓይን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ለአሥራ አንድ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን አረፈ።

እናት ወደ ታች አየች። መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ነው። በቀዳዳው ውስጥ ግን የሚያሳፍር ነገር አልታየም፤ ቢጫ ነበር፣ ቦግ ያለ የሽንኩርት ልጣጭ ቢጫ። ቀሚስ ቢቀደድስ ብላ በበጋም በክረምትም ሁለት ጁፖን ደርባ የምትለብስ ሴት ናት። ስንት ዓመት ተሳቀባት! የላይኛው ጁፖኗ አሁን በአመድማው ቀሚስ ላይ መብራት እንደበራበት መስኮት ፍንትው ብሎ ወጣ።

ኃላፊዋ ሥዕሉን ገልብጣ ገበሩ ላይ የቀረውን የቀሚስ ቁራጭ አየች። «ይሄስ ምንድን ነው?»

«መደገፊያ ነው» አለች እናት፣ ዓይኗን ሳታሽ። ማኅተሙ ጧ ብሎ ወረቀቱ ላይ አረፈ።

ሥዕሉ ወዲያው ተሰቀለ። አናጺው ቀርበው የተነፋውን ሱሪ አዩና ሳቁ። ተጠባባቂዋ ሳትቀር ድመቷን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ሳቀች። እነሆ፣ ስድስት ዓመት የፈራችው መጣ፤ ሰው ሳቀ። «ባሌ ነው እኮ!» ብላ እሷ ከሁሉም በላይ ሳቀች፤ ስቅታ እስኪይዛት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ነፋሱ ቀሚሷን ያርገበግበዋል። መንገድ ላይ አንዲት ሴት አስቆመቻት። «እህቴ፣ ይቺን መስኮት ማን ሠራልሽ?»

«እኔው ነኝ!» አለች እናት በስቅታዋ መሐል። «ቤት ሥዕልም አለኝ፣ አሥራ ስምንት። አሁኑኑ ነይ ላሳይሽ!»

ልጅቷ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። «እማዬ!» አለች በሹክሹክታ። «አናውቃትም እኮ። ሌባ ብትሆንስ?»