አሚኔ እጇን ስትታጠብ

የአረፋ ለት ጠዋት ልጄ ሰፍያ ምራቋን መዋጥ አቃታት። ግንባሯን ስነካው ያቃጥላል። ወንዶቹ ከሶላት ተመልሰው በሬውን ለመጣል ጓሮ ተሰብስበዋል፤ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ የመጣው ባሌ ሙባሪክም እዚያው ነበር። እኛ ሴቶች ቆጮ እየጋገርን ነው።

ሰፍያ ከክረምቱ ጀምሮ የእንቅርት ኪኒን ትውጣለች። እኛ አገር አንገት ካበጠ «የጨው ጉድለት ነው» ይባላል፤ የእሷ ግን ሌላ ነበር። ቁጭ ባለችበት ልቧ ይደልቃል፣ በብርድ ያልባታል፣ እየበላች ትከሳለች፣ ዓይኗም ፈጠጠ። የቡታጅራዋ ሐኪም ሰውነታችን ውስጥ በሽታ የሚከላከሉ ዘበኞች እንዳሉ አስረዳችኝ። የሰፍያ ዘበኞች ተሳስተው የገዛ አንገቷን እጢ ይጎነትሉታል፤ እሱም ዕረፍት አጥቶ ከልክ በላይ ይሠራል። ኪኒኑ ያበርደዋል። እውነትም አበረደው፤ እጇ መንቀጥቀጡን ትቶ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ጀምራ ነበር።

ሐኪሟ ከመሸኘቷ በፊት ግን ክንዴን ይዛ አንድ ነገር አስደገመችኝ። ኪኒኑ በጥቂት ሰው ላይ ዘበኞቹን ራሳቸውን ይጨርሳል። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም አብረው ከመጡ ኪኒኑን አቁሜ በዚያው ቀን እንዳመጣት፣ እንዳላሳድራት።

የዚያን ጠዋት ኪኒን አልሰጠኋትም። ለሙባሪክ ልነግረው ስነሳ ታላቅ እህቱ አሚኔ ቀደመችኝ። አሚኔ ለመንደራችን ልጆች ጉሮሮ የምትጠርግ ሴት ናት። ያበጠ ቶንሲል ካየች በአመልካች ጣቷ ጥፍር ታፈርጠዋለች። ሰፍያንም በልጅነቷ እንዲሁ አድርጋላት ድናለች። አሁንም ልጅቷ አንገቷን ይዛ ስታያት ቆጮውን ትታ ውሃ አስመጣች። እጇን መታጠብ ጀመረች።

«አትነካም» አልኩ።

አሚኔ ቀና እንኳ ሳትል ለሴቶቹ ተናገረች። «ሰማችሁ? የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ሀ ሁ ብትል ሐኪም ሆና ቁጭ አለች።»

ሴቶቹ ሳቁ። ስለ ኪኒኑና ስለ ዘበኞቹ አስረዳኋቸው፤ እየተናገርኩ ለራሴም ተረት የማወራ መሰለኝ። ሙባሪክ ቢላዋውን እንደያዘ መጥቶ ሁሉንም ሰማ። በበዓል ቀን እህቱን እንዳላዋርድበት ለመነኝ፤ ነገ በማለዳ እንወስዳታለን አለ።

አሚኔ እጇን አራግፋ ሰፍያ ፊት ተንበረከከች። «አፍሽን ክፈቺ፣ የኔ ልጅ።»

ሰፍያ እኔን አየችኝ። መካከላቸው ገብቼ የአሚኔን እጅ ያዝኩ። ከተዳርኩ ጀምሮ የምስመው እጅ ነው። ገና አልደረቀም።

«እትዬ አሚኔ፣ ያኔ እንዳዳንሻት አልክድም። ዛሬ ግን ጥፍርሽ ካደማት የሚከላከልላት የለም። ልጄ ትሞትብኛለች።»

ማንም አልሳቀም። መልስ ሳልጠብቅ ሰፍያን ይዤ ጋሪ ፍለጋ ወጣሁ። የባለጋሪዎቹ ፈረሶች ሁሉ ለበዓሉ ተፈትተው ሣር ይግጣሉ። የቀረው ክርስቲያኑ ጎረቤታችን ገሠሠ ብቻ ነበር፤ የበርበሬ ጆንያ ጋሪው ላይ ይጭናል።

«ለበዓሉ ልትጠሪኝ የመጣሽ መስሎኝ» አለ። ወዲያው ፊቴን አየና ጆንያውን መልሶ አወረደ።

ሆስፒታል እንደደረስን ሐኪሟ ደሟን አስመረመረች። ውጤቱን ስታነብ ፊቷ ተለወጠ።

«ጉሮሮዋን የነካው ሰው አለ?»

«የለም።»

በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ የምትለውን የሰማሁት በከፊል ነው። በሽታ የሚከላከሉት የደም ሕዋሳት ሊያልቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ያ ኪኒን ሁለተኛ አይሰጣትም፤ እንቅርቷን በሌላ መንገድ ማከም ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ከዚህ ትውጣ። ሰፍያን ለብቻዋ ክፍል አስገብተው በደም ሥሯ መድኃኒት ጀመሩላት። እኔ በር ላይ ቀረሁ።

ወደ ማታ ሙባሪክ አሚኔን ይዞ መጣ። እሱ ሐኪሟን ሊያነጋግር ሄደ። አሚኔ በሩን ስትገፋ ነርሷ ከለከለቻት፤ እናትየዋም አልገባችም አለቻት። ቁጣዋን ስጠብቅ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቀኝ እጇ ሻርፗ ውስጥ ነበር።

«ዘበኞቹ ስንት ቀሩ አሉሽ?» አለችኝ በዝግታ።

«ነገ ጠዋት እንደገና ይቆጥራሉ።»

ሁለታችንም በሩን ማየት ቀጠልን።